የፊት ጎማው ነገር

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባሕር ዳር ውስጥ ሳይክል የሌለው ቤት ካለ፣ ወይ ሳይክሉ ተሰርቋል ወይ ተሽጦ የልጅ ማስተማሪያ ሆኗል። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ መንገዶቿ ሰፋፊ፣ ዳርና ዳራቸው ዘንባባ የተተከለባቸው። መምህሩ በሳይክል ይሄዳል፣ ነርሷ በሳይክል ትሄዳለች፣ ዶሮ ነጋዴው ዶሮዎቹን ቁልቁል ከመሪው ላይ አንጠልጥሎ በሳይክል ገበያ ይወጣል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲቀየር ደግሞ መንገዱ በሳይክል ስለሚሞላ ዳር ይዞ የሚጠብቀው መኪናው ነበር። ቀሚስ የለበሰች ሴት ሳይክል ስትነዳ ዘወር ብሎ የሚያያት አልነበረም። ለትምህርት አዲስ አበባ ሄጄ «ሴት ልጅ? በሳይክል?» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ነው የእኛ ከተማ የተለየች መሆኗን ያወቅሁት።

የዚያን ጊዜ ሳይክሎች አብዛኞቹ የቻይና ፎኒክሶች ነበሩ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ኋላቸው ላይ ኩንታል ቢጫን እህ የማይሉ። የፊት ጎማቸው ግራና ቀኝ በዳዶ ይታሰራል፤ ዳዶው በቁልፍ ካልተፈታ ንቅንቅ አይልም። ከላላም መፍትሔውን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል፦ ቁልፍ ተዋስ፣ አጥብቅ፣ ሂድ። በዚህ የተነሳ በሰፈራችን ውስጥ ራሱን መካኒክ ነኝ ብሎ የማይቆጥር ወንድ አልነበረም። ይህን የምለው በኋላ ለሆነው ነገር ስለሚጠቅመኝ ነው።

አጎቴ ማውንቴን ሳይክል የላከልን በዚያን ሰሞን ነው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይኖር ነበር፤ ወዳጆቹ ወደ አገር ቤት የሚላክ ኮንቴይነር ሲሞሉ አንዲት ጥግ ለምኖ አስገባት። ያገለገለች ናት፤ ቢሆንም ለእኛ ከአዲስም አዲስ ነበረች። አረንጓዴ፣ ቀላል፣ ፊቷ ላይ ሞላ ያለው ሹካ፣ ባለ 21 ማርሽ። ቤታችን ስትደርስ የፊት ጎማዋ ተፈትቶ በሻንጣ ገመድ ከወገቧ ጋር ታስሯል፤ ጥቃቅን ዕቃዎቿ ደግሞ አንድ እግር ነጭ ካልሲ ውስጥ ገብተው መቀመጫው ሥር ተንጠልጥለዋል። ታላቅ ወንድሜ ካልሲውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈው። የወጣው አንድ ቀጭን ዘንግ ነው፤ በአንዱ ጫፉ የምትታጠፍ እጀታ፣ በሌላው ጫፉ በጣት የሚዞር ዳዶ፣ ከዚያ ሌላ ወደ አንድ ጎን የጠበቡ ሁለት ትንንሽ ሞላዎች። ቁልፍ የሚያስገባ ነገር የለውም።

«ይኼ ደግሞ ምኑን ነው የሚይዘው?» አለች እናቴ።

ማንም አልመለሰላትም። ወንድሜ ዘንጉን በጎማው መሃል አሳልፎ እጀታዋን እያሽከረከረ ማጥበቅ ጀመረ፤ ዳዶ ሲጠብቅ ያየው እንደዚያ ስለሆነ። እጀታ እንደምትታጠፍ እንጂ እንደማትሽከረከር ያሳየን በማግስቱ የመጣ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ነው። አሠራሯን ያኔ በደንብ አላስረዳንም፤ እኔ የገባኝ ኋላ ነው። እጀታዋ ሥር መሃሏ ላይ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተበስታ የገባች ክብ ብረት አለች። እጀታዋ ስትታጠፍ ይህች ብረት ትዞርና ዘንጉን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ራሷ ትስበዋለች። ሁለቱን የሹካ አፎች ከጎማው መሃል ካለው ሞዞ ጋር አጣብቆ የሚይዛቸው ያ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ማዶ ያለው ዳዶ የሚዞረው እጀታዋ ግማሽ መንገድ ደርሳ ቀጥ ብላ ወደ ውጭ ስታመለክት መክበድ እስክትጀምር ድረስ ብቻ ነው። የቀረው በመዳፍ ተገፍቶ ይዘጋል። በትክክል ስትዘጋ መዳፍ ላይ ቀይ ምልክት ትተዋለች። ሁለቱ ሞላዎች ጎማ አይዙም፤ ሥራቸው ዘንጉን መሃል ላይ ማቆየት ነው፤ ጠባብ ጫፋቸውም ወደ ውስጥ፣ ወደ ሞዞው መዞር አለበት።

ይህችን ብልሃት ያወጣው ቱሊዮ ካምፓኞሎ የሚባል የቪቼንዛ ሰው ነው። ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ክሮቼ ዳውኔ በሚባል የተራራ መንገድ ላይ በረዶ እየጣለ ሲወዳደር ጎማውን ለመፍታት ወርዶ ጣቶቹ ደንዝዘው ዳዶው አልፈታ አለው ይባላል። በዚያ ዘመን ለዳገት የሚስማማ ማርሽ ለመቀየር የኋላውን ጎማ ማውጣትና አዙሮ መግጠም ግድ ነበር። እሱም በንዴት «ከኋላ አንድ ነገር መቀየር አለበት» አለ ተብሎ ይተረካል፤ በ1930 መቆለፊያዋን አወጣ። የብስክሌት ታሪክ አጥኚዎች ተራራው ላይ ሆነ የተባለውን አጥብቀው ይጠራጠሩታል። እኔ ግን ጎንደር መንገድ ላይ በክረምት ዝናብ ጎማ ፈትቼ ስለማውቅ፣ ታሪኩ ባይሆን እንኳ ንዴቱ እውነት መሆኑን አልጠራጠርም።

ወደ ሳይክላችን ልመለስ። ጎማው ተገጠመ፣ እጀታዋ በፖሊው ልጅ እጅ ታጠፈች፣ መዳፉም ቀላ። ሁሉም ደስ አለው። ገበያ ደርሼ ስመለስ ፍሬኑ ቸርኬውን በአንድ ጎን ይፍቅ ጀመር፤ ፍሬኑ ተስተካከለ። በማግስቱ ያስተካከልነው ጎን ቀርቶ በሌላው ጎን ፋቀ። ከዚያ ድምፁ መጣ፦ ጉድጓድ በዘለልኩ ቁጥር ከእጄ ሥር «ቋ» የሚል ደረቅ ድምፅ። ወርጄ ጎማውን ስነቀንቀው በሹካው አፍ ውስጥ ይወዛወዛል። እጀታዋ ግን እንደተዘጋች ናት! ልክፈታት ብል በሁለት እጄም አልችላትም። ያስቸገረን ይህ ነው፤ መቆለፊያው ጠብቆ የተቆለፈው ነገር ይላላል።

ሳምንቱን ሙሉ ግቢያችን መካኒክ ሲገባበት ሲወጣበት ከረመ። የመጀመሪያው «አልጠበቀም» አለና ዳዶውን ጨምሮ እጀታዋን በእግሩ ረግጦ ዘጋት። ሁለተኛውም «አልጠበቀም» ብሎ እጀታዋ ላይ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ ተጫናት፤ እጀታዋ ቆለመመች፣ እስከ መጨረሻዋም እንደቆለመመች ቀረች። ሦስተኛው ሮንዴላ አስገባ። አንዱ ደግሞ ሹካውንና ፔርኖውን በሽቦ ጠፈራቸው፤ ወንድሜ በሽቦ ታስሮ በአደባባይ አልታይም ብሎ ፈታው። ሳይክል የሚያከራየው ልጅ የሞላዎቹን መገልበጥ አይቶ አስተካከለ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም አንድ እርምጃ የቀደመው እሱ ነበር። ጎማው ግን መላላቱን አልተወም። ሁሉም የተናገሩት አንድ ቃል ነው፤ አጥብቁት። በጡንቻ የማይፈታ ነገር አለ ብሎ የሚያምን ወጣት በሰፈሩ አልተገኘም።

እናቴ በበኩሏ «ይቺ ሳይክል ልጅ ሳትገድልብኝ ትሸጥ» አለች። እንዳትሸጥ ያከራከረን ወንድሜ ሲሆን፣ እሷ ትክክል መሆኗን ያሳየውም ቤዛዊት ነው።

ቤዛዊት ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ ይታያል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። በእሑድ ከሰዓት ልጆች ሳይክላቸውን እየገፉ ይወጡና ቁልቁሉን ይለቁታል። ያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። መንገዱ ጠጠርና ቦረቦር ነው። መሃል ላይ ስደርስ ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ ተደጋገመ፤ ቀጥሎ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ሳለ ጎማው በራሱ ወደ ግራ ሲያዘነብል ታየኝ። ቸርኬው የፍሬኑን ላስቲክ ነክሶ ቆመ፣ እኔም ከነሳይክሏ ዳር ወዳለው ሣር ገባሁ። ጉልበቴ ተላጠ፤ ከዚያ የባሰ አልነበረም። ጎማው ተፈናጥሮ አልወጣም፣ ከሹካው አፍ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

አንጠልጥሎ ያስቀረው ከሹካው አፍ ጫፍ ላይ ወደ ውጭ ወጣ ያለች ጠርዝ ናት፤ በግራም በቀኝም አለች። ጎማ ለመፍታት እጀታዋን መክፈት ብቻ አይበቃም፤ ጠርዟን ለማለፍ ዳዶውንም ጥቂት ማላላት ያስፈልጋል። ወጣቶቹ ይህችን ጠርዝ አይወዷትም ነበር። «በከንቱ ሥራ ታበዛለች፣ በሞረድ እናንሳት» ብለው ወንድሜን ሲወተውቱት ሰንብተዋል። አሜሪካኖች በቀልድ «የጠበቃ ከንፈር» የሚሏት እሷን ነው፤ ጎማ ወጥቶባቸው የተጎዱ ሰዎች ፋብሪካዎችን ፍርድ ቤት ስላቆሟቸው የመጣች ናትና። ያን ጊዜ ይህን ባላውቅም፣ ያን ምሽት ጉልበቴን በሞቀ ውሃና በጨው እያጠበችኝ እናቴ ማንም ሞረድ ይዞ ግቢዋ እንዳይገባ ማለች።

በማግስቱ ሳይክሏን እየገፋን ጋሼ ዘንድ ሄድን። ጋሼ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የጥገና ክፍል ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራ ነው፤ እሳቸውም ሥራውን የለመዱት ከጣሊያኖቹ ማሽኖች ሥር ተጋድመው ነበር። ጡረታ ሲወጡ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ ካለ ዛፍ ሥር አንድ ሳጥን ዕቃና አንድ አግዳሚ ይዘው ተቀመጡ። የሚጠግኑት ግን ሳይክል ብቻ አልነበረም፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሽሮ ወፍጮ፣ አንዳንዴም የሰዓት ሰንሰለት። አንድ መጥፎ ጸባይ ነበራቸው፤ ዕቃውን ከማየታቸው በፊት ባለቤቱን ይመረምራሉ።

«ምን ሆነች?»

«ጎማዋ ይላላል» አለ ወንድሜ።

«ጎማማ ብዙ ነገር ነው። የቱ ጋ ነው የሚላላው?»

ወንድሜ ዝም። እኔም ዝም።

«ሳይክሉን አምጪው አንቺ። ነይ፣ የፊት ፍሬኑን ያዢና ወደፊት ወደኋላ ግፊው።»

ገፋሁ። እጃቸውን መሪው አንገት ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። «አንገቷ ደህና ነው» አሉ። ቀጥለው በአንድ እጃቸው ሹካውን፣ በሌላው ቸርኬውን ይዘው ጎማውን ግራና ቀኝ ወዘወዙት። ኩሽኔታው ቢላላ ኖሮ ፔርኖው ባለበት ቆሞ ሞዞውና ቸርኬው ብቻ ይነቃነቁ ነበር፤ እዚህ ግን ፔርኖው ራሱ በሹካው አፍ ውስጥ ነው የሚሄደው። «ኩሽኔታውም የለበትም።» በመጨረሻ የሳይክሏን ፊት ከፍ አድርገው ጎማውን ከላይ በጡጫ መቱት። «ቋ» አለ። ያ ድምፅ!

እኛ ያኔ ጋሼ ቁልፍ ያነሣሉ ብለን ጠበቅን። እሳቸው ጨርቅ ነው ያነሡት። ነጭ ጋዝ ነክረው የሹካውን ሁለት አፎች ከውጭ በኩል አጸዱ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ጠሩኝ።

«ቀኙን እዪው። ምን ይታይሻል?»

በቀኙ አፍ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ ክብ ሠርተው የተደረደሩ ጥቃቅን የጥርስ ምልክቶች ነበሩ። ዳዶው ነክሶት ነው። ብረቱ ያበራል።

«ግራውንስ?»

ግራው ላይ ምንም የለም። አረንጓዴው ቀለም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ያ ሁሉ ወጣት በእግር የረገጣት፣ በቧንቧ የተጫናት እጀታ ያለችበት ጎን ነው ግራው፤ ያ ሁሉ ጉልበት አንዲት ጭረት እንኳ አልተወበትም።

«ጠብቋል እኮ» አሉ ጋሼ፤ «በደንብ ጠብቋል። ግን ማንን ነው የያዘው?»

ዘንጉን መዝዘው አወጡና ጎማውን ያለ ዘንግ በሹካው አፍ ውስጥ አስቀመጡት። ዘንጉ ከወጣ የሚቀረው ውስጡ ክፍት የሆነው ፔርኖ ነው። የፔርኖው ጫፍ ከሹካው አፍ ውፍረት ማነስ አለበት፤ አፉ ውስጥ ገባ ብሎ መቅረት አለበት እንጂ ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ጋሼ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በቀኙ በኩል አሳለፉት፤ ጥፍሩ ወደ ውስጥ ገባ አለ። በግራው ሲያሳልፉት ግን የፔርኖው ጫፍ ገታው። እኔንም እንድነካው አደረጉኝ። ከግማሽ የክብሪት እንጨት ውፍረት ያልበለጠ ብረት ከሹካው ወጥቶ ነበር።

ነገሩ ይኸው ነው። እጀታዋ በግራ በኩል ሹካውን አልነካችውም፤ የፔርኖውን ጫፍ ነው የነከሰችው። ፔርኖው ብረት ነው፣ አይታመቅም፣ አይለቅም፤ ስለዚህ እጀታዋ ትከብዳለች፣ መዳፍ ታቀላለች፣ በሁለት እጅ አልከፈትም ትላለች። የግራው ሹካ ግን በመሃል ነጻውን ቆሟል። ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ተይዞ ነው ከቤዛዊት የወረድኩት። ይህን ቢያጠብቁት፣ የባሰ ቢያጠብቁት፣ በመዶሻ ቢመቱት ፔርኖው ነው ይበልጥ የሚጠብቀው።

እንዴት እንደዚያ ሆነ? ከመላኳ በፊት፣ አሜሪካ ሳለች፣ አንድ ሰው ሞዞውን ፈትቶ ግራሶ ቀይሮላታል፤ ሲገጥም ግን ፔርኖውን መሃል ላይ አላደረገውም። አጠቃላይ ርዝመቱ ልክ ነው፤ ወደ አንድ ጎን ሄዷል እንጂ። የሳይክል የፊት ሞዞ በሁለቱ ሹካ መካከል የሚይዘው ቦታ 100 ሚሊሜትር ነው፤ ፔርኖው በየጎኑ ከዚያ የሚወጣው 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። የኛዋ በቀኝ 2 ያህል፣ በግራ 7 ያህል ነበራት፤ ጋሼ ከፋብሪካው ይዘውት በወጡት ካሊፐር ለኩት። ወንድሜ የብረት መጋዝ ፍለጋ ሳጥኑን ሲበረብር «ማን ቁረጥ አለህ? ሌላው ጎን ጎድሎበት እያየህ!» ብለው ገሠጹት።

ጥገናው ራሱ ቶሎ አለቀ። 13 እና 17 ቁጥር ቁልፎች ነበሯቸው፤ ተራ ቁልፎችን በድንጋይ ላይ ፍቀው ያሳሷቸው፣ ምክንያቱም የሞዞው ዳዶዎች ስስ ናቸውና ወፍራም ቁልፍ አይገባቸውም። በጋዜጣ ላይ በየጎኑ ያሉትን የብረት ፍሬዎች እያወጡ ቆጠሩ፤ አሥር አሥር። አጠቡ፣ አዲስ ግራሶ ቀቡ፣ ፔርኖውን ወደ ቀኝ ገፍተው መሃሉን በካሊፐር አረጋገጡ፣ ዳዶዎቹን ሳያስጨንቁ ሳያላሉም አሰሩ። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ሌላ ሥራ ነበረው። ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ መጀመሪያ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞች እንደነበሩ ያን ቀን ነው ከእሳቸው የሰማሁት። «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ገረመው ደንቦባ በሳይክል ነበር የሄደ» አሉ፤ ቅሬታቸው ድምፃቸው ላይ ያስታውቅ ነበር። ሳይክል የሚወድ ሰው በዚህ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ቅሬታ አለው።

ጎማው ተመልሶ ገባ። የቆለመመችውን እጀታ እኔው እንድዘጋት አዘዙኝ፤ አሁን ቀለል ብላ ተዘጋች፣ ጎማው ግን እንደ ግንብ ቆመ። ከሹካው ጎን ወደ ላይ አስጠግቼ እንድዘጋትም ነገሩኝ፣ ቁጥቋጦ ይዞ እንዳይከፍታት። የጠየቁን ሦስት ብር ነው። ወንድሜ «ለዚህ?» ሊል አፉን ሲከፍት በክርኔ ወጋሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ የግራውን አፍ ላየው ብዬ ዘንጉን መዘዝኩት፤ አረንጓዴው ቀለም ተልጦ ክብ የጥርስ ምልክት ወጥቶበታል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሳይክሏ ብዙ ዘመን ሠራች። እኔ ነድቻት፣ ወንድሜ ነድቷት፣ የአክስቴ ልጅ ነድቷት፣ በመጨረሻ ለአንድ የጤና ረዳት ተሸጠች። ጋሼም አርፈዋል። ከሥራቸው ዛሬ ላይ ስመዝነው ትልቁ ቁልፍ ሳያነሡ ጨርቅ ማንሣታቸው ይመስለኛል። የዛሬ ጠጋኞች ጎበዝ ናቸው፣ መሣሪያቸውም ያስቀናል፤ ግን የመጀመሪያ ቃላቸው «ይቀየር» ነው። ጋሼ የሚቀየር ዕቃ ስላልነበራቸው ማየት ግድ ሆነባቸው ማለትም ይቻላል።

እነሆ ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ የፊት ጎማዬ ይላላል» ብሎ ደወለ። ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ በኋላ ግን ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም የእሱ ሳይክል ዲስክ ፍሬን አለው። የኛይቱ ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነበር። ዲስክ ፍሬን የሚይዘው ሞዞው ላይ የተሰካችውን ስስ ብረት ሲሆን፣ መያዣውም ከግራው ሹካ ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ፍሬኑ ሲያዝ የሚፈጠረው ኃይል ፔርኖውን ወደ ታች፣ ከሹካው አፍ ወደሚያስወጣው አቅጣጫ ይገፋዋል። በጉዳዩ ላይ ብዙ ያስጮኸው ጄምስ አናን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ትሬክ የተባለው ሳይክል አምራች በአሜሪካና በካናዳ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሳይክሎችን እንዲመለሱ ጠራ፤ እጀታዋ ከልክ በላይ ስትከፈት ዲስኩ ውስጥ ትገባና ጎማውን ትይዘው ነበርና። ብዙዎቹ አዳዲስ ማውንቴን ሳይክሎች ታዲያ ክፍት አፍ ያለውን ሹካ ትተው፣ 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፔርኖ በጥርሱ እየተጠመዘዘ የሚገባበት ዝግ ቀዳዳ አድርገዋል። በዚህ ላይ አልከራከርም፤ የካምፓኞሎን ብልሃት ብወድም ዲስክ ፍሬን ላለው ሳይክል ወፍራሙ ፔርኖ ይሻላል።

ልጁን ግን ምን ፔርኖ እንዳለው ከመጠየቄ በፊት «የቱ ጋ ነው የሚላላው?» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለ። ፍሬን ይዞ እንዲገፋ፣ ሹካውን ይዞ ቸርኬውን እንዲወዘውዝ፣ ከላይ በጡጫ እንዲመታ ነገርኩት። የእሱ ኩሽኔታው ነበር የላላው፤ ፔርኖው ደህና ነው። በእኛ ሳይክል የደረሰው በእሱ አልደረሰም፣ ጥያቄው ግን ሠርቷል።

ባሕር ዳርም ሆነ ሐዋሳ፣ ከውጭ የመጣ ያገለገለ ማውንቴን ሳይክል ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ የፊቱን ዘንግ መዝዛችሁ ጥፍራችሁን በሁለቱም የሹካ አፍ ላይ አሳልፉት። ጥፍራችሁ ወደ ውስጥ ካልገባ ቁልቁለት አትውረዱ። ከባሕር ማዶ ሳይክል የምትልኩልን ዘመዶችም፣ ሞዞውን የፈታው ሰው ማን እንደሆነ ባትነግሩን ግድ የለም፤ ዘንጉን፣ ዳዶውንና ሁለቱን ሞላዎች ግን አንድም ሳይጎድል ካልሲ ውስጥ አስገቡልን።